የአሮጌ ትራክተር ክራንክ ሻፍት ሲያልቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዣችን ከቃሊቲ ወጥቶ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከዱከም፣ ከሰንዳፋ፣ ከሰበታ፣ አንዳንዴም ከበቾ ሜዳ ድረስ ትራክተር በሎቤድ ተጭኖ ይመጣል። ስለ ክራንክ ሻፍት (የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር ስለሚለውጠው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ባለቤቶቹ የሚጠይቁን ነገር በጣም ስለሚመሳሰል መልሱን እዚህ ጻፍነው። ምሳሌዎቹን የወሰድነው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያጋጥሙን ሁለት ዓይነቶች ነው፤ ፐርኪንስ ሞተር ካላቸው ማሲ ፈርጉሰኖችና ከቤላሩስ ኤምቲዜድ 80።

ሞተሩ ሳይፈታ ክራንክ ሻፍቱ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

በዘይት ግፊትና በድምፅ። ጠዋት ሲነሳ ጤነኛ የሚመስል ሞተር፣ ሁለት ሰዓት ካረሰ በኋላ የዘይት ጌጁ እየወረደ ከመጣ፣ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን በሰፋው ክፍተት እየፈሰሰ ነው። ፐርኪንስ 4.236 ሞቆ በሙሉ ዙር ሲሠራ ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። የቤላሩሱ ሞተር ዲ-240 ደግሞ ከ2 እስከ 3 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር። ነገር ግን ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ጌጅ አምነው ሞተር አያስወርዱ። የሞተ ጌጅ ይዞ ስንት ክረምት ያረሰ ትራክተር አይተናል፤ ጌጁ ብቻ ተበላሽቶ ሙሉ ሞተር የተፈታበትም አለ። መጀመሪያ ትክክለኛነቱ የታወቀ ጌጅ ከሞተሩ ብሎክ ጋር ተገናኝቶ ይለካ።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ የቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚን (ክራንኩ በዘይት ላይ የሚዞርበት ስስ ቅርፊት) ሲያልቅ የሚሰማው ጠጣር ማንኳኳት ነው፤ ጋዝ ተሰጥቶ ሲለቀቅ ይጎላል። የኢንጀክተር ቱቦዎቹ ዳዶ በየተራ ላላ ሲደረግ በአንዱ ላይ ድምፁ ከቀነሰ፣ ችግሩ ያለው በዚያ ሲሊንደር ነው። ይህን ሲያደርጉ እጅዎን ናፍጣው ከሚወጣበት ያርቁ፤ በግፊት ስለሚወጣ ቆዳ ይበሳል። የሜን ብሮንዚን (ክራንኩ ብሎኩ ላይ የሚያርፍበት) ድምፅ ግን ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚመጣ። ማረሻው መሬት ነክሶ ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ይብሳል። መቀመጫው ላይ ያለ ሰው በጆሮው ሳይሰማው በእግሩ ሊያውቀው ይችላል።

ብሮንዚን ብቻ ብቀይር አይበቃም?

ክራንኩ ተለክቶ ጤነኛ ከሆነ ይበቃል። ካልተለካ ግን ብሮንዚኑም ጉልበቱም መና ይቀራል። ብሮንዚን ክብ ነው፤ ያለቀ ጆርናል (ብሮንዚኑ የሚያቅፈው የክራንኩ ክፍል) ደግሞ ክብ አይደለም፣ እንቁላል መስሏል። ክብ ነገር በሞላላ ላይ ሲገጠም ዘይቱ በአንዱ በኩል ይፈሳል፣ በሌላው በኩል ብረት ከብረት ይነካካል።

አንድ ጆርናል ቢያንስ አራት ጊዜ ይለካል፦ ከግራ ጫፉ አጠገብ ሁለት ጊዜ፣ ከቀኝ ጫፉ አጠገብ ሁለት ጊዜ፣ በየቦታውም ማይክሮሜትሩ ሩብ ዙር ዞሮ። አንድ ቦታ ላይ በሁለት አቅጣጫ የተለካው ከተለያየ ጆርናሉ ሞላላ ሆኗል፤ በግራና በቀኝ ያለው ከተለያየ ደግሞ ሾጥጧል። ልዩነቱ ከ0.04 ሚሊ ሜትር ካለፈ ለእነዚህ ሞተሮች ብዙ ነው። ይህ የሰው ፀጉር ውፍረት ግማሽ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በካሊፐር አይታይም፣ በዓይንማ ጭራሽ። በእጅ ሊታወቅ የሚችለው ጭረት ነው፦ ጥፍርዎን በጆርናሉ ላይ በአግድም ሲጎትቱት ከያዘው፣ ያ ክራንክ ማሽን ያስፈልገዋል።

እግረ መንገዳችንን፣ ከብሮንዚን ጀርባ የሲጋራ ወረቀት መክተት ወይም ጠበቅ እንዲል ካፑን (ብሮንዚኑን አጥብቆ የሚይዘውን ክዳን) በሞረድ ማሳነስ የሚባል ዘዴ አለ። ተሠርቶ ሲመጣ እናየዋለን። ወረቀቱ ሙቀቱ ወደ ብሎኩ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ የተሞረደ ካፕ ደግሞ የብሎኩን ክብ ቀዳዳ ለሁልጊዜው ያበላሻል። ድምፁ ለሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ትራክተሩም በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይሸጣል። አሮጌ ትራክተር ሊገዙ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

ክራንኬ ለምን በዚህ ፍጥነት አለቀ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀን ሰው ጥቂት ነው፤ እኛ ግን መጀመሪያ ቢጠየቅ ደስ ይለናል። ክራንክ በራሱ ጊዜ አይሞትም፣ የሚገድለው ነገር አለ። ያ ነገር ሳይገኝ አዲስ ክራንክ ቢገጠም ያው ገዳይ እየጠበቀው ነው።

ምስክሮቹ አሮጌዎቹ ብሮንዚኖች ናቸው። ፊታቸው ላይ ዙሪያውን ቀጫጭን ጭረት ካለ አቧራ ገብቷል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደረቅ መሬት ሲታረስ የሚነሳውን አቧራ ያየ ሰው አይገርመውም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የአየር ማጣሪያው ራሱ አይደለም፤ ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ነው። የዘይት ሳህን ያለው የድሮ ማጣሪያ ከሆነ በአቧራ ወቅት በየቀኑ መታየት አለበት። ሽፋኑ ቀልጦ የተቀባ የመሰለ ብሮንዚን ዘይት አጥቷል ማለት ነው፦ መጠኑ ጎድሎ፣ ፖምፓው ደክሞ፣ ወይም ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ዘምሞ ሲያርስ የዘይት መምጠጫው አየር ስቦ። ጠቁሮ በጥቃቅን ጉድጓድ የተበላ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ ውኃ ወይም አሲድ ነበረ፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮንና የካሚቻ (ፒስቶኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ሸሚዝ) ጎማዎች ይታዩ። በአንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ቢዬላው ተጣሟል። ከላይ ያለው ስስ ሽፋን እኩል አልቆ ከሥሩ መዳብ መሰል ቀለም ከታየ ግን ይህ ጤናማ እርጅና ነው፤ ሞተሩ ዕድሜውን ሠርቷል፣ ማንም አልበደለውም።

ማስሞረድ ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት?

ከተቻለ ማስሞረድ (ጆርናሎቹን በማሽን አሳስቶ ክብ ማድረግ)። ዋናው የፋብሪካ ብረት ሁልጊዜ ከማናውቀው አዲስ ብረት ይሻለናል። በፐርኪንስ በኩል ብሮንዚን የሚገኘው በሦስት ደረጃ ነው፦ በ0.010፣ በ0.020 እና በ0.030 ኢንች፣ ማለትም በግምት 0.25፣ 0.50 እና 0.75 ሚሊ ሜትር ለቀነሰ ጆርናል። የቁጥሩ ምልክት ከብሮንዚኑ ጀርባ ተመትቷል። የፈቱት ብሮንዚን ጀርባ 030 የሚል ከሆነ ክራንኩ የመጨረሻ ደረጃው ላይ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው መቀየር ብቻ ነው።

ያለ ክርክር የሚቀየርበትም ጊዜ አለ። እሱም ስንጥቅ ሲገኝ ነው። ስንጥቅ የሚጀምረው ጆርናሉ ከጎኑ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ክብ ማዕዘን ወይም በዘይት ቀዳዳው አፍ ላይ ነው። ማግኔታዊ ምርመራ ያለው ቤት ካገኙ እሱ ይመረጣል። ካልሆነ የድሮ ሰዎች ዘዴ አለ፦ ክራንኩን በናፍጣ ወይም በላምባ አጥቦ ማድረቅ፣ በጠመኔ ዱቄት መቀባት፣ ከዚያ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግ። ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። ተንጠልጥሎ ሲመታም ጤነኛ ክራንክ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ድምፁ የታፈነ ነው። ይህ ለጥርጣሬ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቃም፤ ጥሩ የጮኸ ክራንክም ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል።

ከስንጥቅ ሌላ የሚያከራክረው የቆዳ ነገር ነው። አንዳንድ የፐርኪንስ ክራንኮች ላይኛ ቆዳቸው በናይትሮጅን የጠነከረ ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ከተሞረደ በኋላ እንደገና መጠንከር እንዳለበት የፋብሪካው ማኑዋል ያዛል። ይህ ካልተደረገ ክራንኩ ለስላሳ ሆኖ ይቀርና ዕድሜው ያጥራል። በዚህ ጊዜ ለደንበኛው አስሞርዶ ማስጠንከርንም አዲስ መግዛትንም ነግረን ምርጫውን ለእሱ እንተዋለን።

ለቶርኖ ቤት ስሰጥ ምን ብዬ ልዘዝ?

«አሳምርልኝ» ብለው አይስጡ። ብሮንዚኑን መጀመሪያ ይግዙ፣ ከክራንኩ ጋር ይዘው ይሂዱ። ስንት ብር ወጣ ብሎ መቆጨት ያለው ክራንኩ ለ0.020 ተሞርዶ ገበያው ላይ 0.010 ብቻ ሲገኝ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የማዕዘኑ ክብነት እንዳይጠፋ (ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መጀመሪያ ነው)፣ የዘይት ቀዳዳዎቹ አፍ እንዲለሰልስ፣ መጨረሻም ክራንኩ በቪ ብሎክ ላይ ዞሮ ቀጥ ማለቱ በዳያል ጌጅ እንዲታይ። ሲረከቡ ራስዎ ወይም መካኒክዎ እንደገና ይለካ። ባለሙያው ይቀየማል ብለው አይፍሩ፤ ጎበዙ አይቀየምም።

ለሞተሬ የሚሆነው የትኛው ነው? «የማሲ» ሲባል አንድ አይደለም?

አይደለም። ማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ ያለው ፐርኪንስ 3.152 ነው፤ 290 ላይ 4.248፤ ሌሎች ላይ 4.236። የፐርኪንስ ቁጥር ራሱ ይናገራል፦ የመጀመሪያው የሲሊንደር ብዛት ነው፣ ቀጣዩ የሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች። ስለዚህ 3.152 ባለ ሦስት ሲሊንደርና 2.5 ሊትር ያህል ነው። ብሎኩ ላይ የተመታው የሞተር ቁጥር ከመከለያው ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል፤ መከለያ ይቀየራል፣ ሞተርም ካንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሯል።

ከዚያ የኋላውን ጫፍ ይዩ። የቆዩ ፐርኪንሶች ከኋላ ዘይት የሚይዙት በገመድ ፓራሊዮ ነው፣ የኋለኞቹ ደግሞ ባለ ከንፈር ክብ ፓራሊዮ አላቸው። የሁለቱ ክራንክ ከኋላ አንድ ዓይነት አይደለም። ፊት ለፊት ሲያዩት መንታ የሚመስል ክራንክ ገዝቶ የኋላው እንቢ ያለው ሰው ብዙ ነው። አሮጌውን ክራንክ ተሸክሞ ሱቅ መሄድ ያስቃል እንጂ አያከስርም።

ቤላሩስ ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

ሁለት አለ፤ ሁለቱም ሰው አሳስተዋል።

የመጀመሪያው የልኬት ነው። ዲ-240 ከፋብሪካ ሲወጣ በሁለት መደበኛ ልኬት ይወጣል። በአንደኛው የቢዬላ ጆርናሉ 68.25፣ የሜኑ 75.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለተኛው 68.00 እና 75.00። ስለዚህ 68.00 ለክቶ «ሩብ ሚሊ አልቋል» ወይም «አንድ ጊዜ ተሞርዷል» የሚል መካኒክ አዲስ ክራንክ ሊያስጥል ይችላል። ብሮንዚን ሲገዙም «ስታንዳርድ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ የትኛው ስታንዳርድ እንደሆነ ይጠየቃል።

ሁለተኛው እኛን ያቃጠለን ነው። በቤላሩስ ክራንክ የቢዬላ ጆርናሎች ውስጥ በቡሽ (በብረት መክደኛ) የተዘጋ ባዶ ክፍል አለ። ክራንኩ ሲዞር የዘይቱ ከባድ ቆሻሻ ተወርውሮ እዚያ ይጠራቀማል፤ ንጹሑ ወደ ብሮንዚን ያልፋል። ብልህ አሠራር ነው፣ ግን ክፍሉ ካልተጠረገ ይሞላል። ሥራ በጀመርንበት ሰሞን አንድ ኤምቲዜድ 80 ሠራን፣ ክራንኩን አስሞርደን፣ አጥበን፣ በኮምፕሬሰር ነፍተን ገጠምን። ቡሾቹን ግን አልከፈትናቸውም። የዓመታት ጭቃና የሞረዳው ብናኝ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ቢዬላ ጮኸ። ባለቤቱ በበቾ ጭቃ መሃል ቆሞ ደወለልን፤ ሁለተኛውን ብሮንዚንና ሁለተኛውን ሞረዳ ከኪሳችን ከፈልን። አሁን ማንም ሠራተኛ ቡሾቹን ከፍቶ፣ ከውስጥ የወጣውን ጭቃ በጨርቅ ላይ ሳያሳየኝ ክራንክ አይገጥምም። ሲዘጉም እንዳይፈቱ በሚገባ መቆለፋቸው ይታይ።

ትራክተሩ ሳይገነጠል ክራንኩ ሊወጣ ይችላል?

አይችልም። በማሲ ፈርጉሰን ላይ ሞተሩ ራሱ የትራክተሩ አካል ነው፣ ከሥር የሚይዘው ሻሲ የለም። ሲገነጠል ፊቱም ኋላውም በጠንካራ መቆሚያ ይደገፍ፤ በድንጋይና በጉማጅ እንጨት ላይ የቆመ ትራክተር ሥር አይግቡ።

ከሶማሌ ተራ አሮጌ ክራንክ ብገዛስ?

ማይክሮሜትር ይዘው ከሄዱ፣ ይግዙ። አለዚያ በላዩ ላይ የተቀባው ግሪስ ምን እንደሸፈነ አያውቁም። ጠርገው ለክተው፣ ቢያንስ አንድ የሞረዳ ደረጃ የቀረው መሆኑን አረጋግጠው ነው። ዝገት በጆርናሉ ላይ ጉድጓድ ከሠራ ይተዉት።

ሲገጠም ምን ላይ ልቁም?

ቆመው ማየት ያለብዎ ንጽሕናውን ነው። የብሮንዚኑ ጀርባና የሚቀመጥበት ቦታ ደረቅና ንጹሕ፣ ፊቱ ደግሞ ዘይት የጠጣ ይሁን። ካፖቹ ቁጥር አላቸው፣ ከየቦታቸውና ከየአቅጣጫቸው አይናወጡም። ክፍተቱ በፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ ክፍተቱን በሚያሳይ የፕላስቲክ ክር) ወይም በውስጥ መለኪያ ይረጋገጣል። በግርድፉ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር የጆርናል ዲያሜትር 0.025 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይታሰባል፤ ትክክለኛውን ግን ከማኑዋሉ ነው። ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ ይጠበቁ፤ «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ እጁ ትናንትና ዛሬ እኩል አያጠብቅም። አንድ ካፕ በተጠበቀ ቁጥር ክራንኩ በእጅ ይዞር። ድንገት ከከበደ እዚያው ቆሞ መፈለግ ነው።

የፊትና የኋላ እንቅስቃሴውም ይለካል። ለ4.236 ከ0.05 እስከ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚይዙት ግማሽ ጨረቃ መሰል ሰሌዳዎች ሲያልቁ፣ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ክራንኩ ወደፊት ይገፋል። ሾፌሩ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚነዳ ከሆነ ቶሎ ያልቃሉ።

ገመድ ፓራሊዮ ያለው ከሆነ ገመዱ ዘይት ይጠጣል፣ ከቤቱ ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ጫፎቹ ከገጹ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቀራሉ። በቢላ እኩል አድርጎ መቁረጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከዚያ ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮን ይንጠባጠባል።

ከታደሰ በኋላ ትራክተሩ እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል፤ ክራንኩ ነው?

4.236 ወይም 4.248 ከሆነ መጀመሪያ ባላንሰሩን ይጠርጥሩ። በብዙዎቹ ላይ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ሁለት የሚዞሩ ክብደቶች አሉ፣ በጥርስ ከክራንኩ ጋር የተያያዙ። አንደኛውና አራተኛው ፒስቶን ከላይኛው ጫፋቸው ሲደርሱ ክብደቶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው መገጠም አለባቸው። ጥርስ ከተሳሳተ ንዝረቱን የሚያጠፋው ዕቃ ራሱ ንዝረት ይፈጥራል። የዘይት ፖምፓውም ከእሱ ጋር ስለሆነ የባላንሰሩ ቡሺንግ ካለቀ አዲስ ክራንክ ገጥመው እንኳ ግፊቱ ላይነሳ ይችላል።

መጀመሪያ ሲነሳስ? ሦስት ቀን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ በዝቅተኛ ዙር) ይሥራ ይላሉ።

አይሥራ። ከመነሳቱ በፊት የዘይት ማጣሪያው ሞልቶ ይገጠም፤ የናፍጣ ማጥፊያው ተስቦ ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ ይዙር፤ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በአጭር በአጭሩ፣ እያሳረፉ። ከተነሳ በኋላ ሞቆ፣ ፍሳሽ ታይቶ፣ ወደ መካከለኛ ሥራ ይግባ። በሚኒሞ ለሰዓታት ሲቆም ፋሻዎቹ (የፒስቶን ቀለበቶቹ) ከካሚቻው ጋር ሳይላመዱ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይት መብላት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ማረሻም አይሰጠው፤ ተጎታች ወይም ቀላል መከስከሻ ጥሩ ነው። ከ25 እስከ 50 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይቱና ማጣሪያው ይቀየራሉ። የወጣውን ማጣሪያ ቀደው ውስጡን ይመልከቱ፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብዙ ከሆነ ማረሱን ትተው ይደውሉ።

መቼ ላምጣው?

ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ምርት ከገባ በኋላ። ግንቦት ላይ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ይመጣል፣ ቶርኖ ቤቱም ወረፋ ነው፤ የተቻኮለ መለኪያ ደግሞ መለኪያ አይደለም። ሌላ ቦታ ተፈትቶ ከሆነ የሚመጣው፣ አሮጌዎቹን ብሮንዚኖች አይጣሉ። የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ጀርባቸው ላይ በማርከር ተጽፎባቸው፣ በፌስታል ይዘዋቸው ይምጡ።